የመሪ ጣዕም የቡድን ሕግ አይሁን

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አላችሁ!

አዘጋጆቹ «የዲዛይን ቡድን ስለመምራት ንገሪን» ብለውኛል። ስለ አሠራርና ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። እሱን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ነው። ቡድን የሚመራ ሰው የራሱን ጣዕም ከቡድኑ እሴት መለየት አለበት። ካልለየ ጎበዝ ዲዛይነሮችን ዝም ያሰኛል። እነሱ ዝም ሲሉ የሚጎዳው ተጠቃሚው ነው።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቡድን ውስጥ አንዲት ጀማሪ ዲዛይነር ነበረች። የክፍያ ገጽ ሠርታ ለግምገማ አቀረበች። ጽሑፉን ጠቆር አድርጋዋለች። ምክንያት ነበራት። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች የድሮውን ገጽ ሲጠቀሙ ቁጭ ብላ አይታለች። ፈዛዛውን ግራጫ ጽሑፍ ለማንበብ ስልኩን ዓይናቸው ሥር ሲያስጠጉ፣ ወደ ብርሃን ሲያዞሩ፣ በመጨረሻም «እስኪ አንብብልኝ» ብለው ሰው ሲጠሩ አይታለች። ይህን ሁሉ ልትነግረን ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ገና ከመጀመሯ መሪያችን አቋረጣት። «አልወደድኩትም። ከብዷል። ግራጫው ነው የሚያምረው» አለ። በቃ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ያንን ጸጥታ ታውቁታላችሁ፤ ሁላችንም እንዲያ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል። ቅድም ጥቁሩን ሲያደንቅ የነበረው ልጅ «እውነትም ግራጫው ሳይሻል አይቀርም» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ላፕቶፗን ዘግታ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲያ ሥራዋን ይዛ ስትመጣ ስለ ተጠቃሚው መናገር ተወች። ከግምገማ በፊት እየዞረች «እሱ የትኛውን የሚወድ ይመስላችኋል?» ብላ ነበር የምትጠይቀን።

ጉዳዩ እኮ የጣዕም አልነበረም። የድር ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ በመደበኛ ጽሑፍና ከበስተጀርባው ባለው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። የሚለካ ነገር ነው። ማንም አልለካውም። ያ መሪ ክፉ ሰው አልነበረም። «ተጠቃሚው ይቀድማል» የሚለውን ጽሑፍ ግድግዳችን ላይ ያሰቀለው እሱ ነው። ከልቡም ያምንበት ነበር። ያላየው ነገር፣ በዚያች ሰዓት እየተናገረ ያለው እምነቱ ሳይሆን የግል ምርጫው መሆኑን ነው።

ራስን ማወቅ የምለው ይህንን ነው። አንድ ሥራ ሲቀርብልኝና ቅር ሲለኝ፣ ቅሬታው ከየት እንደመጣ መጠየቅ። ተጠቃሚው ይቸገራል ብዬ ነው? እኔ ብሠራው እንዲህ አላደርገውም ነበር ብዬ ነው? ወይስ አለቃዬ ፊት እንዳላፍር ፈርቼ? ሦስቱም ሲመጡ ስሜታቸው አንድ ነው። መዘዛቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ እኔ ግምገማ ላይ መጨረሻ ነው የምናገረው። ስናገርም «ይህ ምርጫዬ ነው፤ ልትተዉት ትችላላችሁ» ወይም «በዚህ አንደራደርም» ብዬ እለያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው አያምንም። ምርጫዬን ትተው ምንም እንዳልመጣባቸው ሲያዩ ነው የሚያምኑት።

ጀርመናዊው ዲዛይነር ዲተር ራምስ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹን የብራውን ኩባንያ የዲዛይን ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1995 መርቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ «የእኔ ዲዛይን ጥሩ ዲዛይን ነው ወይ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። አሥሩ የጥሩ ዲዛይን መርሆዎቹ መልሱ ናቸው። ከአሥሩ አንዱ ጥሩ ዲዛይን ሐቀኛ ነው ይላል።

እዚህች ላይ ልቁም። ሐቀኝነት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማንንም አያስከፋም። የሚፈተነው ገቢ ሲቀንስና «የመሰረዣውን ቁልፍ ትንሽ ደበቅ አድርጉት» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ነው። ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ ለጀማሪ ዲዛይነር የሚያሻግር ሰው መሪ አይደለም፣ መልእክተኛ ነው! እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ፎርትናይት የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ አምራች ኤፒክ ጌምስ፣ ተጫዋቾችን በአሳሳች የቁልፍ አቀማመጥ ያልፈለጉትን አስገዝቷል በሚል የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ላቀረበበት ክስ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኮሚሽኑ እንዳለው፣ ስሊፕ ሞድ ላይ ያለ፣ ማለትም ለጊዜው ያንቀላፋ ጨዋታ ለመቀስቀስ ቁልፍ የነካ ሰው ሳይቀር ሊከፍል ይችል ነበር። እያንዳንዱን ቁልፍ የነደፈው ሰው ነው። ያንን ሰው የሚመራውም ሰው ነው። «ይህን አንሠራም» ማለት የመሪ ሥራ ነው! ደመወዙም ድምፁም ከሁላችን ያነሰውን ልጅ ከፊት አሰልፈን እኛ ከኋላው አንደበቅ!

ስለ ቅጥርም ልበል፤ እኛን የሚመስለውን ብቻ አንቅጠር። ሥራውንም የሠራው ሰው ራሱ ያቅርበው። እነዚህን ስለምታውቋቸው አላስረዝምም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ግምገማችሁ ከሁሉም በፊት ጀማሪው ይናገር። ሐሳቡን ሳይጨርስ ማንም አያቋርጠው፣ እናንተም ጭምር።

አመሰግናለሁ።