ሲኞራዬ «ተይው» ያሉኝ ጭረት

እሺ... ዛሬ ስለ ጀበናዬ አላወራም፤ ባለፈው ስለ እሷ ስጽፍ የላካችሁልኝ ስድብ ይበቃኛል። ዛሬ ያቺ መብራት ናት። አዎ፣ ሲኞራዬ ቤት፣ እዚህ ሚላኖ የምሠራላቸው ሴትዮ ቤት ያለችው፣ «ፕላስቲክ ናት እኮ» ብዬ የሳቅሁባት። ስሟ አክሪሊካ ነው።

ከታች የብረት መቀመጫ አላት፤ የፍሎረሰንት ዘንጉ እዚያ ውስጥ ተደብቋል። ከዚያ ወፍራም አክሪሊክ፣ ያው ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ወደ ላይ ይወጣና ይጎብጣል። ላዩ ላይ ሽቦ የለ፣ አምፖል የለ። ብርሃኑ ከታች ይገባል፤ ጎኑን በጣም አግድሞ ስለሚመታው መውጣት ያቅተውና ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ እንዲያ እየተላተመ ጉብጠቱን ተከትሎ ጫፉ ላይ ይወጣል። መሃሏ ጥርት ያለ ነው፣ ማዶውን ያሳያል። ለማንበብ ግን... እኔን ከጠየቃችሁኝ አትረባም።

እና ማታ ነው፣ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ እየወለወልኳት ነው። አልኮል አይነካትም፣ አክሪሊክን ይሰነጣጥቀዋል። ሲኞራ የሳሎኑን መብራት አጠፉ። ያኔ ጎኗ ላይ አንዲት ቀጭን ጭረት ቦግ ብላ ታየችኝ። ጭረት ካለ ብርሃኑ በእሱ በኩል ሾልኮ ይወጣል ለካ! ቀን ቀን እኮ አትታይም።

«ይሄ በማለስለሻ ይጠፋል፣ ላጥፋልዎት?» አልኩ።

ቀና እንኳን አላሉም። «ተይው። ቀለበት ነው የጫረው።»

ቆይ... ሴትዮዋ ቀለበት አድርገው አይቼ አላውቅም። አግብተው እንደማያውቁ ነው የነገሩኝ። ድምፃቸው ደግሞ የቁጣ አይደለም። የቁጣ ቢሆንማ ለምጄዋለሁ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ «ተይው»...

አሁን «ብርሃን በጭረት በኩል ነው የሚወጣው» የሚል ጥቅስ የሚልክልኝ ሰው ካለ፣ ብሎክ ነው የማደርገው።

ደግሞ ሌላ የገረመኝ። ሁሉም «የጆ ኮሎምቦ መብራት» ነው የሚላት፤ ጆ ጣሊያናዊ ዲዛይነር ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ከጃኒ ጋር ነው እኮ የሠራት! በፈረንጆቹ 1962፣ ኦሉቼ ለሚባለው ድርጅት፤ በ1964 እዚሁ ሚላኖ ትሪየናሌ በሚሉት የዲዛይን ትርኢት ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ጃኒ ዲዛይነር ሳይሆን አርቲስት ነበር፣ በሚንቀሳቀስ ነገርና በብርሃን የሚሠራ። በ1968 ቬኒስ ቢየናሌ በሚሉት የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ተሸለመ። ጆ በ1971 ሞተ፣ ልክ 41 ዓመት በሞላው ቀን። በልደቱ ቀን! ከዚያ በኋላ ጃኒ ያቺን መብራት ሰው ቤት በርታ ሲያያት ምን ይል ነበር? የእኔን ወንድም ታውቁታላችሁ፤ እሱ ቢሆን... ተዉት፣ ያንን ዛሬ አልከፍተውም።

የት ነበርኩ? ቀለበቱ። ልጠይቃቸው እላለሁ፤ ደግሞ ምን አገባሽ እላለሁ። የእናታቸው ሊሆን ይችላል። ወይ የሆነ ሰው... ኧረ እኔ እንጃ። ሰኞ ስሄድ ከጎኗ ያለውን አቧራ ስጠርግ... አይ፣ አልጠይቅም መሰለኝ። ወይስ...