በሁለት ሩቅ ደሴቶች መካከል በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

[ካርታ፦ ደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ። ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ።]

እነዚህን ሁለት ነጥቦች እዩልኝ። የታችኛዋ ሴንት ሄለና ናት፤ ናፖሊዮን በግዞት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1821 የሞተባት። የላይኛዋ አሴንሽን ትባላለች። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በመካከላቸው ግን ከውሃ በቀር ምንም የለም። ርቀቱ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ? መሬት ክብ ስለሆነች በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ያሳስታል። ሉል አንሱና ከደሴት ደሴት ክር ወጥሩ። ክሩ የሚያርፍበት መስመር አጭሩ መንገድ ነው። ኮምፒውተርም የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀብሎ ያንኑ ክር በሒሳብ ይወጥራል።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ኢምብራየር 190 የተባለው የመንገደኞች ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 1,300ን ለ830 ስናካፍል 1 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ይሆናል። ግን ከመሬት ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ፣ ኋላም ለማረፍ ሲወርድ፣ ፍጥነቱ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ወደ 2 ሰዓት ብላችሁ ያዙት።

[ቀስት፦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ።]

ነፋሱንም አትርሱ። ከቺሊዋ ሳንቲያጎ በስተምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ እስካለችው ኢስተር ደሴት 3,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን እናስብ፤ ነፋሱ 100 ይሁን። ወደ ደሴቷ ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው 4 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲመለስ ከኋላ ስለሚገፋው 3 ሰዓት ከ45 ይበቃዋል። ያው መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ግን አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እስካሁን ያልነው ለየትኛውም በረራ ይሠራል። ለእኔ የሩቅ ደሴት ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ እዚያ ደርሰን ማረፍ ባንችልስ?

[ምስል፦ ገደል አናት ላይ ያለ ማኮብኮቢያ።]

የሴንት ሄለና ማኮብኮቢያ 1,950 ሜትር ያህል ነው፤ ከገደል አጠገብ። ነፋሱ ገደሉን መትቶ ይገለበጣል። መደበኛ የመንገደኛ በረራ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከዚያ በፊት ከኬፕታውን በመርከብ 5 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር።

አብራሪ ሁልጊዜ ተለዋጭ ማረፊያ ያስባል። አቅራቢያ ሌላ ማረፊያ ከሌለ ግን ዓለም አቀፉ ደንብ ለጄት አውሮፕላን አንድ አማራጭ ይሰጣል፦ መድረሻው ላይ ደርሶ ለ2 ሰዓት መብረር የሚያስችል ነዳጅ መያዝ። መንገዱ ላይም አንድ ነጥብ ይወሰናል። ነጥቡ ላይ ሳይደርሱ ወደ ሌላ ማረፊያ መዞር ይቻላል፤ ካለፉት በኋላ ደሴቷ ላይ ማረፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አብራሪው ነጥቡ ላይ ከመድረሱ በፊት የደሴቷን አየር ሁኔታ ይጠይቃል።

ከጆሃንስበርግ ወደ ሴንት ሄለና የሚሄደው አውሮፕላን ናሚቢያ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላውም ለዚሁ ነው። ከናሚቢያዋ ዋልቪስ ቤይ እስከ ደሴቷ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማረፍ ካልቻለ ያንን ሁሉ መመለስ አለበት። ደሴቷ ላይ አርፎ በመደበኛ የመልስ በረራው ሲመለስ ግን ፊቱ ላይ ያለው ትልቅ አህጉር ስለሆነ በቀጥታ ጆሃንስበርግ ይገባል።