ዶሪስ ሚለርን ስናስብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ልጆቻችሁን መርቃችሁ ወደ ባህር ኃይል የሸኛችሁ ወላጆች፤

በጦርነት የወደቁት በሚታሰቡበት በዛሬው ዕለት ስለ አንድ የጎረቤት ልጅ እንድናገር ፍቀዱልኝ። ከዚህ ከዳላስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በምትርቀው በዋኮ የተወለደ የጭሰኛ ልጅ ነው። ጭሰኝነት ምን እንደሆነ እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆቻችን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስሙ ዶሪስ ሚለር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1939 ሃያ ዓመት ሳይሞላው ባህር ኃይል ሲገባ፣ ለጥቁር ወጣት የተተወለት ሥራ የመኮንኖችን ምግብ ማቅረብና አልጋ ማንጠፍ ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ማለዳ፣ ሃዋይ ውስጥ ባለው ፐርል ሃርበር በተባለው የአሜሪካ ባህር ኃይል ወደብ ላይ በቆመችው ዌስት ቨርጂኒያ በተባለች የጦር መርከብ ውስጥ የሚታጠብ ልብስ እየሰበሰበ ሳለ የጃፓን አውሮፕላኖች ጥቃት ከፈቱና የአደጋው ደወል ተደወለ። ወደተመደበበት ስፍራ ሲሮጥ ስፍራውን ቶርፒዶ፣ በውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ፣ አፍርሶት አገኘው። ጉልበቱ የታወቀ የመርከቧ የቦክስ ሻምፒዮን ነበርና ቁስለኞችን ተሸከመ፤ ክፉኛ የቆሰሉትን አዛዡን ካፒቴን ሜርቪን ቤኒየንንም ከሌሎች ጋር አንስቶ ከለል ወዳለ ቦታ ወሰደ። ከዚያም ማንም ያላሠለጠነውን ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ።

ለወራት ጋዜጦች የሚያውቁት «አንድ ጥቁር አስተናጋጅ» መሆኑን ብቻ ነበር። የጥቁሮች ጋዜጦች ወጥረው ባይጠይቁ ኖሮ ስሙ ተደብቆ በቀረ። በሜይ 27 ቀን 1942 የፓስፊክ ባህር ኃይል አዛዡ አድሚራል ኒሚትዝ የባህር ኃይል መስቀል የተባለውን ሜዳይ ደረቱ ላይ አደረጉለት፤ ይህን ሽልማት ሲቀበል የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጀግና ተብሎ በየከተማው ከዞረ በኋላም የተመለሰው ወደዚያው ወደ ወጥ ቤት ነው።

ኖቬምበር 24 ቀን 1943 ጎህ ሳይቀድ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በጊልበርት ደሴቶች አጠገብ፣ ሚለር የነበረባትን ሊስኮም ቤይ የምትባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታት። የቦምብ ማከማቻዋ ፈንድቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰጠመች። ከ640 በላይ ሰዎች አለቁ። ሚለር ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ዕድሜው 24።

ወላጆቹ ዘንድ መልእክት የደረሰው ልክ ፐርል ሃርበር በተመታ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ዲሴምበር 7 ቀን ነው። ልጃችሁ የደረሰበት አልታወቀም ይላል። ሞቷል ተብሎ የተወሰነው ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እኛ ዘንድ መርዶ ሲነገር ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ አስከሬን ባይኖርም ለቅሶ ይቀመጣል። ወይዘሮ ሄንሪዬታ ሚለር ግን ያንን ዓመት ምን ብለው ያልቅሱ? ምን ብለው ተስፋ ያድርጉ? ልጃችሁ መርከብ ላይ ያለ እናቶች፣ ስልክ ሲጠራ የምትደነግጡትን ድንጋጤ ሳይ እኚህ እናት ትዝ ይሉኛል።

በ2020 የአሜሪካ ባህር ኃይል አንድ አዲስ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በስሙ እንዲጠራ ወስኗል። ለተራ መርከበኛ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ ግን አልተሰጠውም፤ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ለምክር ቤት ተወካዮቻችንም ይህንኑ እንድንጽፍ እጠይቃለሁ።

በመጪው ኖቬምበር 24 በዋኮ፣ ብራዞስ ወንዝ ዳር ወዳለው መታሰቢያው አበባ ይዘን እንሂድ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የመትረየሱን ታሪክ ስትነግሯቸው የወጥ ቤቱንም አትዝለሉባቸው።

አመሰግናለሁ።