«የኮሚቴ ዕቃ ነው»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ከጀርባዬ የምትሰሙት ጫጫታ የማይክ ችግር አይደለም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የጅማ ዝናብ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ያባራል ብዬ ጠበቅኩ፣ አላባራም። ጅማ ተቀምጦ ዝናብ ሲያባራ እቀዳለሁ ያለ ሰው ፖድካስቱን የሚለቀው ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ ከነዝናቡ ልጀምር።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ግቢ ገብቷል፣ ሁለተኛ ዓመት ነው። የዲፓርትመንቶች የኳስ ውድድር ሊጀመር ስለሆነ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ፕራንክ አስበዋል። ሐሳብ ስጠኝ አለኝ። እኔን የጠየቀው እንደ ባለሙያ ቆጥሮኝ ነው፤ ቤተሰቡ ውስጥ የእኔ ታሪክ እየተወራ ነው ያደገው። የሚወራው ግን ግማሹ ነው። ዛሬ ሌላኛውን ግማሽ ልንገራችሁ።

እኔም ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። የግቢውን ስም አልጠራም፤ እዚሁ ጅማ ነው፣ ይበቃል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪምየር ሊግ በመጣበት ዓመት ዋንጫውን ጠራርጎ ከወሰደ ወዲህ ከተማው ሁሉ ኳስ በኳስ ሆኖ ነበር። ግቢ ውስጥ ለተራ የዲፓርትመንት ጨዋታ እንኳ ከበሮ፣ አስጨፋሪ፣ የተጠና ጭፈራ ነበር። ሁሉም ራሱን የአባ ጅፋሩን ግብ አግቢ ኦኪኪ አፎላቢን አድርጎ የሚቆጥርበት ጊዜ ነበር።

ሐሳቡን ያገኘነው ዩቲዩብ ላይ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 አሜሪካ ውስጥ ሃርቫርድና ዬል ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታሉ። ሃያ የሚሆኑ የዬል ተማሪዎች የሃርቫርድ ደጋፊ መስለው፣ ቲሸርት አሠርተው፣ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው ይገባሉ። ለ1,800 ያህል የሃርቫርድ ደጋፊዎች ካርድ ያድላሉ። «ስታነሡት ሃርቫርድን የሚያበረታታ ጽሑፍ ይወጣል» ብለው ነው የሚያድሉት። ሰዉ እኩል አነሣ። ከማዶ የተነበበው «እኛ አንረባም» የሚል ነበር፤ እንግሊዝኛው እንዲያውም ከዚህ ይብሳል። ጨዋታውን ሃርቫርድ 35 ለ 3 አሸነፈ። ግን ውጤቱን ዛሬ ማን ያስታውሳል?

እኛ ደግሞ በፊደላችን እንሥራው አልን። ተቃራኒዎቻችን «እንችላለን» የሚል የሚወጣ ይመስላቸዋል፣ የሚወጣው «ተሸንፈናል» ነው። ቁጠሩት፣ ሁለቱም ስድስት ስድስት ፊደል ናቸው! ይሄን ያገኘው ልጅ ለሳምንት እንደ ሊቅ ነው የተከበረው። ለአንድ ፊደል ሠላሳ ካርድ፣ በጠቅላላ 180። ካሬ ደብተር ላይ ስንት ሌሊት ሣልን። «ሸ» አሰቃየችን፤ ጭረቷ ከሩቅ አልታይ እያለች «ሰ» ትሆንብናለች፣ ቃሉ ደግሞ በ«ሰ» ትርጉም የለውም። ካርቶኑን ከጅማ መርካቶ ሱቆች ለመንን፣ ነጭና ጥቁር ቀባን፣ አራት ማዳበሪያ ሞላ።

የቀረው ማስገባት ነው። በሩ ላይ አንድ ጥበቃ ነበሩ። ስማቸውን አልናገርም፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው። በኦሮምኛ ሰላም ብለናቸው፣ የልጅ የቤተሰቡን ተጠያይቀን፣ «ጋሼ፣ የኮሚቴ ዕቃ ነው» አልናቸው። በዚህ አገር ኮሚቴ የሚለው ቃል የማይከፍተው በር የለም። ምን ኮሚቴ ብለው አልጠየቁም። አራተኛውን ማዳበሪያ ራሳቸው ተሸክመው አስገቡልን።

ካርዱን ያደልናቸውን የተቃራኒ ደጋፊዎች ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አስነሣናቸው። «ተሸንፈናል»። ጥርት ብሎ ወጣ፣ «ሸ»ም ሳትቀር። የእኛ ወገን መሬት ላይ ተንከባለለ። እነሱ ለምን እንደምንስቅ ስላልገባቸው ካርዱን ከፍ አድርገው ይዘው ቆዩ፤ ቪዲዮው ላይ አርባ ሰከንድ ያህል ነው። እዚያ ላይ ያልቃል። ማታውን ቴሌግራም ላይ ሁሉም ግሩፕ ገባ፣ ከዚያ ቲክቶክ።

ከአርባ ሰከንዱ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ነገሩ ሲገባቸው ካርቶኑን ወደ እኛ መወርወር ጀመሩ። ከዚያ የውኃ ፕላስቲክ። በዚህ መሀል አንዱ «ፖሊስ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደጮኸ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ፖሊስም አልመጣም ነበር። ሰዉ ግን ወደ በር ሮጠ። ሜዳው ሁለት በር አለው፤ አንዱ ግን ሁልጊዜ በሰንሰለት ታስሮ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንዱ በር። አንዲት ልጅ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ሰኞ ክፍል የመጣችው ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነው።

እኔ ያን ቀን አላየኋትም። ስቄ አልጨረስኩም ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ማክሰኞ የግቢው ሚኒ ሚዲያ ቃለ መጠይቅ ጠራን። ሦስታችን ቀረብን። ጠያቂው «እንዴት አስገባችሁት?» ሲል ማይኩን የነጠቅኩት እኔ ነኝ። «በር ላይ ማንም አልፈተሸንም፤ እንዲያውም ጥበቃው ተሸክሞ አገዘን!» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ያኔ በሕይወቴ ካደረግኩት ንግግር ሁሉ በጣም የተጨበጨበለት እሱ ነው።

በሳምንቱ ጋሼ በሩ ላይ የሉም። ሌሊት መጋዘን እንዲጠብቁ ተዛውረዋል፣ ማስጠንቀቂያም ተጽፎባቸዋል አሉ። እኛን ቢሮ ጠርተው መከሩን፣ ወጣን። ፎቶ አብሮን የሚነሣ ሁሉ ነበር።

በጨዋታ ቀን ፍተሻ ተጀመረ። ቦርሳ ክልክል፣ ውኃ ክልክል፣ መታወቂያ አውጣ። በሩ አጠገብ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ እናቶች ለደኅንነት ሲባል ተነሡ። ወር ሳይሞላ ፍተሻው ኪስህን በመዳፍ መታ መታ አድርጎ «እለፍ» ማለት ብቻ ሆነ። እናቶቹ ግን አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ግቢውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በእውነት፣ አራት ማዳበሪያ ሳይከፈት ሰው ወደሞላበት ሜዳ መግባቱ ያስፈራል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 በዚያው በሃርቫርድ ስታዲየም ኤምአይቲ የሚባለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ገብተው ሜዳው ሥር ፊኛና ሽቦ ቀብረው ሄዱ። ጨዋታው መሀል ላይ ከመሬት ውስጥ «ኤምአይቲ» የተጻፈበት ፊኛ እያበጠ ወጣና ፈነዳ። በ1961 ደግሞ ካልቴክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስጨፋሪዎች ያረፉበትን ክፍል ቁልፍ ከፍተው ገብተው፣ ደጋፊው የሚያነሣውን ካርድ መመሪያ ወረቀት 2,232 ቅጂ በእጅ ቀየሩት። በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ የዋሽንግተን ደጋፊዎች የራሳቸውን ቅጽል ስም ገልብጠው ጻፉ፣ ቀጥሎ «ካልቴክ» ብለው ጻፉ። ያስቃል፣ እኔ አሁንም እስቃለሁ። ግን የዚያ ሜዳ ጥበቃ ብሆን ፊኛው ሲወጣ መጀመሪያ የማስበው ፊኛ አይደለም። ያን ሌሊት አንቀላፍቼ ነበር ወይ ብዬ ነው።

የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። ልጅቷን የሰበራት ማዳበሪያው አይደለም። የታሰረው በር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ቶሪኖ ከተማ፣ ጣሊያን፣ ሕዝቡ አደባባይ ላይ በትልቅ ስክሪን የጁቬንቱስንና የሪያል ማድሪድን የፍጻሜ ጨዋታ እያየ ሳለ ሌቦች ሰውን ለመዝረፍ የሚያቃጥል ስፕሬይ ረጩ። ሰዉ ቦምብ መሰለው፣ ሮጠ። ከ1,500 በላይ ሰው ተጎዳ፣ የሞተም አለ። ቦምብ አልነበረም። በ2001 አክራ፣ ጋና፣ ሃርትስ ኦፍ ኦክና አሳንቴ ኮቶኮ የሚባሉ ክለቦች ሲጫወቱ ደጋፊው ወንበርና ፕላስቲክ ወረወረ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሰዉ ወደ መውጫው ሲሮጥ የተቆለፈ በር ገጠመው። ከ120 ሰው በላይ ሞተ። አብዛኛው ተጨፍልቆ፣ ታፍኖ።

እኛ ግቢ በዚያ ሁሉ ፍተሻና ስብሰባ መሀል ሰንሰለቱን የፈታ የለም። ተመርቄ ስወጣ እንደታሰረ ነበር። ለምን? ቪዲዮው ላይ ስላልነበረ ነው ብዬ አስባለሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ካርቶን ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ያለው ጥበቃው ነው። ሰው ያየውንና የሰማውን ነው የሚያስተካክለው። ያሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለአክስቴ ልጅ ተው አላልኩትም። ብለውም አይሰማኝም፣ እኔም አልሰማሁም ነበር። የሜዳችሁ በር ስንት ነው፣ ስንቱስ ይከፈታል ብዬ ጠየቅኩት። «ምን አገናኘው?» አለኝ። ይሄን ክፍል እልክለታለሁ።

ጋሼን አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ማታ፣ መጋዘኑ አጠገብ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትንሽ ራዲዮ ከጎናቸው። ሁለት ኪሎ ስኳርና የአጋሮ ቡና ይዤ ነበር የሄድኩት። ይቅርታ ለማለት ስንቴ እንደተለማመድኩት አልነግራችሁም። ስጀምር አቋረጡኝና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «እኔ ከኋላ በኩል ነበርኩ፣ አልታየኝም። ያ ወረቀት ላይ ግን ምን ነበር የተጻፈው?»

ነገርኳቸው። «ተሸንፈናል» የሚል ነው አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ እሱ ብቻ ነው።»

«ለዚህ ነው?» አሉ። ከዚያ ራዲዮውን ከፍ አደረጉት፣ ዜና ደርሶ ነበር።

ዝናቡ በጣም ጨመረ፣ ራሴንም መስማት አቃተኝ። እዚህ ላይ ላቁም። ደኅና ሁኑ።