ሁለት ቶን በጭቃ ግድግዳ ላይ

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ መምህራን፣ የዛሬ የማቀዝቀዣ ሙያ ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) እንድሰቅልላቸው አስጠሩኝ። ሱቁን ለካሁ፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ በእጄ ዳሰስሁና «ጋሼ፣ ለዚህ ቤት ሁለት ቶን ያስፈልጋል» አልኋቸው። ሰውየው ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ግድግዳውን አዩ። «ልጄ፣ ይህ አባቴ በጭቃ የሠራው ግድግዳ ነው። ሃያ ኩንታል ብትሰቅልበት እኔንም ጨርቁንም ይቀብረናል» አሉኝ።

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። ማሽኑ ሃያ ኩንታል እንደማይመዝን አውቃለሁ፤ «ታዲያ ቶን ያልኸው ምኑ ነው?» ቢሉኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ቃሉን ከአለቃዬ አፍ እንደ ወረደ ወስጄ ነበር የምናገረው።

መልሱ በረዶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ነጋዴዎች በክረምት ከረጋ ሐይቅ ላይ በረዶ በመጋዝ እየቆረጡ፣ በሰጋቱራ ሸፍነው በመርከብ ይሸጡ ነበር። የቦስተኑ ፍሬድሪክ ቱዶር እ.ኤ.አ. በ1806 ወደ ማርቲኒክ ደሴት ጫነ፤ በ1833 ደግሞ እስከ ሕንዷ ካልካታ አደረሰ። ኋላ ማሽን ሲመጣ የገዢው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ «ይህ ብረት በቀን የስንት ቶን በረዶ ሥራ ይሠራል?» ስሙ በዚያው ቀረ። አንድ ፓውንድ በረዶ ለመቅለጥ፣ ቢቲዩ በተባለው የሙቀት መለኪያ፣ 144 ቢቲዩ ሙቀት ይጠጣል። የአሜሪካው ቶን 2,000 ፓውንድ ስለሆነ በቀን 288,000 ቢቲዩ ይወጣዋል፤ ለ24 ሰዓት ስታካፍሉት 12,000 ታገኛላችሁ። ማሽኑ ላይ ተለጥፎ የምታዩት ቁጥር ይህ ነው። ያ ቶን ደግሞ ከእኛ አሥር ኩንታል ያንሳል፤ 907 ኪሎ ብቻ ነው። ቁና ከአገር አገር እንደሚለያይ የሚያውቅ ሰው አይገርመውም።

ሌላው ቶን የፈንጂ ጉልበት የሚለካበት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ቲኤንቲ የተባለውን ፈንጂ 108 ቶን በሣጥን በሣጥን ከምረው አፈነዱ። ከሁለት ወር በኋላ ለሚሞክሩት የመጀመሪያ የአቶም ቦምብ መሣሪያዎቻቸውን የሚያስተካክሉበት መለኪያ ፈልገው ነው። የዛሬው ቶን ቲኤንቲ በስምምነት የተቆረጠ ነው፤ አንድ ቢሊዮን ካሎሪ፣ ማለትም ጁል በተባለው የጉልበት መለኪያ 4,184 ሚሊዮን ጁል።

ባለፈው ወር ከእናንተው መካከል አንዱ ተማሪ «ስንት ቶን ኤሲ አንድ ቶን ቲኤንቲ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ቧንቧው ስንት በርሜል ነው ብሎ የሚጠይቅ አለ? የቧንቧው በደቂቃ የሚያወርደው ነው፤ የበርሜሉ የያዘው። የእኛ ቶን ቧንቧ ነው፤ የፈንጂው ቶን በርሜል። ቧንቧውን በጊዜ ስታባዙት ብቻ ነው ሁለቱ የሚወዳደሩት፤ የዚያ ብዜት ስም ቶን-ሰዓት ነው። ይህ የፈተና ወረቀት ጌጥ አይደለም። በዱባይ ከአንድ ማዕከል ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ ለብዙ ሕንፃ ሲከፋፈል ፍጆታው የሚለካው በቶን-ሰዓት ነው፤ ወደዚያ የምትሄዱ ቆጣሪው ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ቶን-ሰዓት 12.66 ሚሊዮን ጁል ነው። 4,184ን በዚህ አካፍሉ፤ ወደ 330 ይመጣል። አንድ ቶን ኤሲ ሌት ተቀን ሠርቶ የአንድ ቶን ቲኤንቲ ያህል ሙቀት ከቤት ለማውጣት ሁለት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። ገልብጡት፦ አንድ ቶን-ሰዓት የሦስት ኪሎ ቲኤንቲ ጉልበት ነው። በየሰዓቱ!

ታዲያ ግድግዳው ለምን አይፈርስም? ቲኤንቲ በጉልበት ብዛት እኮ ድሃ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር ሰውነታችን ውስጥ ሲቃጠል ክብደቱን አራት እጥፍ የሚያህል ቲኤንቲ ጉልበት ይሰጣል፤ ቡና ላይ ጨምረን ጠጥተነው እንቀመጣለን። ቲኤንቲን የሚያስፈራው ያለውን ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ መልቀቁ ነው፤ ፍንዳታው በውስጡ በሴኮንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል።

ብዙ እህቶቻችን በሚኖሩባት ቤይሩት ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳ 2,750 ቶን የሚለው ቁጥር ከአፍ አፍ ዞረ። ያ የተከማቸው፣ ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚውለው የአሞኒየም ናይትሬት ኬሚካል ክብደት ነበር። ጉልበቱን ያሰሉት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ከ500 እስከ ከ1,000 ትንሽ የዘለለ ቶን ቲኤንቲ ገምተዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ሁለቱም «ቶን» ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። ትንሹን ግምት ብትይዙ እንኳ የጨርቅ ነጋዴው ባለ ሁለት ቶን ማሽን ያለ እረፍት ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ የሚያሻግረው ሙቀት ነው። ከተማይቱ ላይ በቅጽበት ወረደ።

ነጋዴው በመጨረሻ ፈቀዱ። የውጭውን አካል መሬት ላይ አስቀመጥሁላቸው፤ ግድግዳው የተሸከመው የውስጡን ብቻ ነው። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ከሥሩ ቆመው «ሁለት ቶኑ ይኸው ነው?» አሉኝ፤ ዋጋው ላይ ግን አልተከራከሩም።

በዚህ አዳራሽ ባለ አምስት አምስት ቶን ሁለት ማሽኖች አሉ። መናገር ከጀመርሁ ስድስት ደቂቃ ሆኖኛል። በሙሉ አቅማቸው ሠርተው ከሆነ የሦስት ኪሎ ቲኤንቲ ያህል ሙቀት ከራሳችን ላይ አንሥተው ወደ ግቢው አውጥተዋል። በስተቀኝ ያለው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያንኳኳ እየሰማሁ ነው፤ ከምርቃቱ በኋላ ሁለት ተመራቂዎች መሰላል ይዛችሁ ጠብቁኝ።