ቤቱ አርጅቷል፣ ወረቀቱ ገና አልወጣም

(ምስል፦ ኦክላንድ። ነጭ ልስን ቤት፣ ደጃፉ ላይ “ይሸጣል” ተብሎ ተለጥፏል።)

ይህ ቤት በአውሮፓውያን 1998 አለቀ እንበል። ልጆች አድገውበታል። አሁን ሊሸጥ ነው።

እኛ አገር ገዢ መጀመሪያ “ካርታ አለው?” ይላል። ኒው ዚላንድ ውስጥ ደግሞ የገዢ ጠበቃ የሚፈልገው ሌላ ወረቀት አለ፦ ግንባታው የሕንፃ ኮዱን (የአገሪቱን የግንባታ ደንብ) አሟልቷል የሚል፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት። ፋይሉ ሲከፈት የግንባታ ፈቃዱ አለ። ምስክር ወረቀቱ የለም። ያኔ ማንም አልጠየቀማ! ተቋራጩ ቁልፍ አስረከበ፣ ባለቤቱ ገባ፣ በቃ።

ዛሬ ልጠይቅ ሲል ጭቅጭቁ ይጀምራል።

ኮዱ ውስጥ ቢ2 የሚባል ክፍል አለ። የቤቱ አጥንት ቢያንስ 50 ዓመት፣ የውጪ ልባሱ በአብዛኛው 15 ዓመት መቆየት አለበት ይላል። ቆጠራው የሚጀምረው ግን ቤቱ ካለቀበት ቀን አይደለም። ወረቀቱ ከወጣበት ቀን ነው! የ1998ቱ ልስን ዕድሜውን በ2013 ጨርሷል። ዛሬ ማን ነው “ገና 15 ዓመት ይቆያል” ብሎ የሚፈርመው? መፍትሔው ቀላል ነው። ባለቤቱና ማዘጋጃ ቤቱ ይስማሙና ፈቃዱ ይሻሻላል፣ ቆጠራው ከ1998 ይጀምራል። አንድ ሚስማር ሳይመታ ይህኛው ቋጠሮ ተፈታ።

ከባዱ ሌላ ነው።

(ምስል፦ የመስኮት ጥግ፣ በቅርበት። ሁለት ቀጫጭን መርፌ ያለው መሣሪያ ግድግዳው ውስጥ ይገባል።)

በ1990ዎቹ ብዙ ቤት ላይ ልባሱ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ተመታ። መሀሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት የለም። እንጨቱም ብዙ ጊዜ መድኃኒት ያልተቀባ ጥድ ነበር። ውኃ በስንጥቅ ከገባ መውጫ የለውም። ውጪው ነጭ፣ ውስጡ ብስባሽ። መርፌው ከ18 በመቶ በላይ እርጥበት ካነበበ፣ ውኃ ከውጪ እየገባ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

በእነዚህ ቤቶች ሰበብ ማዘጋጃ ቤቶች ተከሰው ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ደህናውንም ቤት እምቢ ማለት ያዙ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን “ያሰጋኛል” ምክንያት አይሆንም። የትኛው የኮዱ ክፍል እንዳልተሟላ ይንገሩ። በ1991ዱ የሕንፃ ሕግ የተፈቀደ ቤት ደግሞ የሚመዘነው ፈቃዱ ሲሰጥ በነበረው ኮድ እንጂ በዛሬው አይደለም።

ካልተስማሙ ፍርድ ቤት መሮጥ የግድ አይደለም። ጉዳዩን የሕንፃ ሥራ ለሚመለከተው ሚኒስቴር ማቅረብ ይቻላል። ሚኒስቴሩ ባለሙያ ልኮ ግድግዳውን ሊያስመረምር ይችላል፣ ውሳኔውም ሁለቱንም ወገን ያስራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ የ1975 ከሆነ ይህን ወረቀት አትፈልጉ። ያኔ እንዲህ የሚባል ወረቀት አልነበረም፣ የመጣው ከ1991ዱ ሕግ ጋር ነው። የድሮውን የግንባታ ፈቃድ ጠይቁ።