የአይጦቹን ውጤት ቅጠሉን የሰጡን ሰዎችም ይስሙት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ዛሬ የቴሲስ ዲፌንሳችሁን የጨረሳችሁ ልጆች፣ በተለይ ደግሞ ቅዳሜ እሁድ በዓል ሳትሉ አይጦቹን የምታበሉና ኬጅ የምታጸዱ የአኒማል ሀውስ ሠራተኞች፣ እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ምርምር የዛሬና የነገ ሁኔታ እንድናገር ነው የጠየቁኝ፣ ሰፊ ርዕስ ነው፣ እነካካዋለሁ፣ ግን የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ስለሆነ እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

ከጠዋት ጀምሮ ስናይ የዋልነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት፣ በ80%ው፣ 72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ተጣርቶ ሜታኖሉ ይተናል፣ የሚቀረው ኤክስትራክት ይባላል። ከዚያ ፕላዝሞዲየም በርጊ የሚባለው የአይጥ ወባ ፓራሳይት የተሰጣቸው አይጦች፣ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን በፓራሳይት የተያዘ ቀይ የደም ሴል ሆዳቸው ውስጥ ተወግተው፣ አራት ቀን ኤክስትራክቱን ይጋታሉ፣ በመጨረሻ ከጅራታቸው ጫፍ ደም ተወስዶ ጊምሳ በሚባል ቀለም ተቀብቶ ፓራሳይቱ ይቆጠራል። ለማነጻጸሪያ አንዱ ግሩፕ የታወቀውን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን፣ አንዱ ግሩፕ ባዶ ውሃ። ቆንጆ ሥራ ነው፣ ሌሊት ሁሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታችሁ የሠራችሁት ነው፣ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈቅድም። ግን የሁላችሁንም የመጨረሻ ስላይድ ልብ ብዬ አየሁት። "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" ይላል፣ ቀጥሎ "አመሰግናለሁ" ይላል፣ አለቀ። ቅጠሉን ለሰጠን ሰው ውጤቱን ነግረናል የሚል አንድም ስላይድ አላየሁም።

አንድ ሽማግሌ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ የቅጠሉንም ስም አልጠራም፣ የሳቸው ነውና። ጅማ ዞን ውስጥ፣ አሰንዳቦን አለፍ ብሎ፣ ግልገል ጊቤ ግድብ ያለበት አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ ወባ ምን እንደሆነ ለዚያ አገር ሰው አይነገረውም። በሌላ ሥራ ነበር የሄድነው፣ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን በኦሮምኛ ስንጫወት የትምህርቴን ነገር ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ ከናንተ በፊትም መጥተው ነበር" አሉኝ። "ቅጠሉን ወሰዱ፣ ሥሩንም ወሰዱ፣ ፎቶ አነሱኝ፣ ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ፣ ለአይጥ ሰጥተን እናየዋለን አሉኝ። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አይጦቹ ዳኑ ወይ?"

እንደ አጋጣሚ የታተመውን የጥናት ወረቀት አንብቤዋለሁ። ኢንተርኔት ላይ አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ በደንብ የተሠራ ጥናት ነው። የትኛው ቡድን እንደሆነ አልናገርም፣ ነገሩ የአንድ ቡድን ብቻ ስላልሆነ። እንዳለ ነገርኳቸው። አባባ አልዳኑም አልኳቸው። ትልቁን ዶዝ የወሰዱት ላይ ፓራሳይቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ ከሌሎቹም ጥቂት ቀን ሰንብተዋል፣ ግን ከደማቸው ጨርሶ አልጠፋም፣ ቆይቶ ሞተዋል። ደግሞ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የተሰጣቸው ሌሎች አይጦች ጉበታቸው ሲታይ ተጎድቶ ተገኝቷል።

ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ታዲያ ይሄንን ለምን አልነገሩኝም? እኔ እኮ ለሕፃናት እሰጣለሁ!"

በቃ ይሄ ነው። እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን ወይ? ጉበት ይጎዳል ብሎ የጻፈው እጅ ያንን ነገር ለጆርናል ሲልክ ጊዜ ነበረው፣ ለኮንፈረንስ ፖስተር ሲያሳትም ብር ነበረው፣ አሰንዳቦ ለመድረስ ግን የመኪና ነዳጅ ጠፋ! ይሄኔ እዚያ ቀበሌ የምትኖር እናት ያንኑ ቅጠል እየጨመቀች ለልጇ ታጠጣለች፣ በዚያ ላይ "ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተወስዶ የተመረመረ ነው" እየተባለ ዋጋው ጨምሯል። አዎ፣ እኛ ቅጠሉን ስለወሰድን ብቻ ሰው ይበልጥ አመነው! መልካም ውጤት ሳይነገር ቢቀር ቅሬታ ነው፣ የጉዳት ውጤት ሳይነገር ሲቀር ግን የሰው ነፍስ አለበት።

ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም። "በምን ዘፍዝፈው ነው ለአይጡ የሰጡት?" ብለው ጠየቁኝ። የአልኮል ዓይነት ነገር ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሳቸው በቀዝቃዛ ውሃ አሳድረው ጠዋት በባዶ ሆድ በማር ነው የሚሰጡት፣ እሳት አያስነኩትም። ወረቀቱ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። አልተጠየቁማ!

እስቲ ቱ ዩዩን አስቡ፣ ሁላችንም በየፕሮፖዛላችን መግቢያ ላይ የምንጠቅሳት የቻይናዋ ሳይንቲስት። እነሱም እንደኛ የወባ ቅጠል አይጥ ላይ ነበር የሚሞክሩት፣ ቅጠሉ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም፣ ግራ ገባቸው። ከዚያ ወደ ድሮው የሐኪም ጽሑፍ ተመለሰች፣ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ፣ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨምቆ መጠጣት ነው የሚለው፣ ማፍላት የሚል ነገር የለበትም። ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ያ ኤክስትራክት አይጥና ዝንጀሮ ላይ ፓራሳይቱን ሙሉ በሙሉ አጠፋው። በሚቀጥለው ዓመት ራሷና ባልደረቦቿ ቀምሰው ደኅንነቱን አዩ፣ ከዚያ ወደ በሽተኛ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል አገኘች። ዛሬ ጤና ጣቢያ የምንወስደው የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ከዚያ የመጣ ነው። እሷ የጥንቱን ባለሙያ የምታገኘው በመጽሐፍ ብቻ ነበር፣ የኛ ባለሙያ በሕይወት አለ፣ ቡና አፍልቶ ይጠብቀናል፣ እኛ ግን ሄደን አንጠይቀውም!

የኛው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ቢሆኑስ? እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ያሉበት ወንዝ ዳር ቆመው አይተው ነው።

ደግሞ ሕጉም አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ እንዲፈቅድና ከጥቅሙም እንዲካፈል ይላል። አስፈርሞ መሄድ ብቻውን ማሳወቅ አይባልም፣ ለአንድ ገበሬ ደግሞ የመጀመሪያው ጥቅም የገዛ ቅጠሉን ነገር ማወቅ ነው።

"አይጥ ላይ የተገኘ ነገር ለሰው ይነገራል እንዴ፣ ሰው ይሳሳታል" የሚሉኝ አሉ። ይነገራል፣ በልኩ። ለአይጥ በኪሎ 400 ሚሊግራም የሠራው ዶዝ ለሰው ሲሰላ በ12.3 ይካፈላል፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 2 ግራም ደረቅ ኤክስትራክት ይመጣል፣ ከቅጠሉ የሚወጣው አንድ አሥረኛ ከሆነ ደግሞ 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው፣ ያውም ግምት ነው። በኪሎ 2,000 ሚሊግራም አንዴ ተሰጥቶ 14 ቀን ያልሞተ አይጥ አለ ማለትም በየቀኑ ቢጠጣ አይጎዳም ማለት አይደለም። ይሄን ሁሉ ለሽማግሌው በቀላል ቋንቋ ነግሬያቸዋለሁ፣ ምንም ያልገባቸው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ያለው ልጅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ጤና ኬላ ደሙ ይታይ ብለው ይልካሉ። ይሄ ለውጥ የመጣው አንድ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ ባወራነው ወሬ ነው።

ስለ አይጦቹም አንድ ነገር፣ ቁጥራቸው ይቀነስ፣ ሥቃያቸው ይቀነስ የሚለውን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ዓለም ያወቀውን መርህ ሁላችሁም ፕሮፖዛል ላይ ትጽፋላችሁ። ውጤቱ ማንም ጋ የማይደርስ ከሆነ ግን ያ ሁሉ እንስሳ ለምን ሞተ? በጀትና መሣሪያ ነገር ላይ ሌሎች ተናጋሪዎች ብዙ ብለዋል፣ እስማማለሁ፣ አልደግመውም።

ጅማ ውስጥ የተማረ የጤና ባለሙያ ሁሉ ሲቢቲፒ በሚባለው ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥቶ የመማር ፕሮግራም ወጥቷል፣ ቤት ለቤት ዞሯል፣ ሰው ጋ መሄድ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። ከሚቀጥለው ባች ጀምሮ ማንኛውም የመድኃኒት ዕፅዋት ቴሲስ አንድ ገጽ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ ውጤት ይኑረው፣ ተማሪው ራሱ ወስዶ ለቅጠሉ ባለቤት ያንብብለት፣ ጉዳት ከተገኘበት ደግሞ ዲፌንስ ሳይጠበቅ ያን ሳምንት ይነገር። የመመለሻው ትራንስፖርት ፕሮፖዛሉ በጀት ላይ ይግባ፣ አማካሪዎችም ይሄ ሳይሟላ አትፈርሙ። ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ለዲፓርትመንት ካውንስል የሚገባ ነው፣ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የምትስማሙ ስትወጡ ፈርሙበት፣ የማትስማሙ ደግሞ እዚሁ ሻይ ላይ አግኙኝና እንከራከር። አመሰግናለሁ።